የአከርካሪ ጉብጠትና ሕክምናው፦ ከመተማ ቆላ እስከ አክራ

የአከርካሪ አጥንት ከኋላ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን አንገትና ወገብ ላይ ወደ ፊት፣ ደረት ላይ ወደ ኋላ ይለመጣል። ይህ ልክ ሲዛባ ሰው ይጎብጣል ወይም ወደ ጎን ይጣመማል። በአዋቂ ላይ የሚታየው ጉብጠት ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያደገ፣ ስብራት ያስከተለው፣ የዲስኮች ማርጀት ያመጣው ወይም ነቀርሳ (ቲቢ) የፈጠረው ሊሆን ይችላል።

በሱዳን ድንበር ያለችው መተማ የቆመችው ጀርባን በሚፈትን ሸክም ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ደጋ በአህያና በበቅሎ የወረደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ እዚህ ገበያ ላይ ወደ ግመል ይዛወርና ወደ ሱዳን ይቀጥል ነበር። ዛሬ ዋናው ሸክም ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፋታ አይሰጥም፤ ከቆየ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጎች፣ ማጭድ ይዘው እንዳጎነበሱ ይውላሉ፤ ያጨዱትን እያሰሩ ሂላ በሚባል ክምር ያቆሙታል። ሰሊጡ ተራግፎ በጆንያ ከተሞላ በኋላ ተራው የጫኝና አውራጅ ነው። መቶ ኪሎውን ኩንታል ማጅራቱ ላይ አሳርፎ፣ ጣውላ እየረገጠ መኪና ላይ ይወጣል።

እንዲህ ያለው ሥራ የጤነኛ ጎልማሳን አከርካሪ ባንድ የአጨዳ ወቅት አያጎብጥም። በአጥንቶቹ መካከል ያሉትን ዲስኮች ግን ቀስ በቀስ ያደክማል። ዲስክ ሲንሸራተት ነርቭ ይጫናል፣ ሕመሙም ከወገብ ወደ እግር ይወርዳል። በጠባብ ማደሪያ ተጨናንቆ ለሚያድር ሠራተኛ ደግሞ ከሸክሙ የባሰ አደጋ አለ፤ ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋል።

ነቀርሳ ከሳንባ በደም ተጉዞ አከርካሪ ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ተጎራባች አጥንቶችን ከፊት በኩል ይበላል። ፊታቸው ሲናድ አከርካሪው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ጀርባ ላይም ሹል ጉብታ ይወጣል። መግል ወይም የታጠፈው አጥንት ኅብለ ሰረሰርን ከተጫነ እግር ይዝላል፣ ሽንት መቆጣጠርም ያቅታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ጉብታውንና ሽባነቱን አያይዞ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። ከብት በሚበዛበት ቆላ ጥሬ ወተት የሚያስተላልፈው ብሩሴሎሲስም አከርካሪን ያጠቃል፤ እርሱ ግን እንደ ነቀርሳ እምብዛም አያጎብጥም።

ጀርባውን ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ በመመለስ፣ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ በማሰር ስም ያተረፈ ባለሙያ ነው። ሐኪም በሌለበት አገር ብዙ ሰው ያቆመ ሙያ ሊናቅ አይገባም። ጀርባ ግን ሌላ ነው። በቅቤ ማሸት የዛለ ጡንቻ ያፍታታል፤ ዋግምትም ሆነ በጋለ ብረት መተኮስ ነቀርሳን አይነካውም። ነቀርሳ የበላውን አከርካሪ መጫንና መጎተት ደግሞ እየተራመደ የመጣውን ሰው ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

የአከርካሪ አጥንቶችን በቀዶ ሕክምና ማጣበቅ የተጀመረውም በነቀርሳ ሳቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ በኒው ዮርክ አጥንቶቹን እርስ በርስ አጣብቀው ጉብጠቱ እንዳይብስ ማድረግ ጀመሩ። ፀረ ነቀርሳ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ሲገኙ ብዙው ሕመምተኛ ያለ ቢላዋ መዳን ቻለ። ፖል ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1962 አከርካሪ የሚያቃናውን የብረት ዘንጉን አሳወቀ፤ ኋላም ዘንጉን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙ ብሎኖች መጡ።

አዋቂን ማቃናት ከልጅ ይከብዳል፤ የልጅ አከርካሪ ይለመጣል፣ የአዋቂው ደርቋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከአከርካሪው አጥንት በሽብልቅ ቅርጽ ቆርጦ ያወጣል፤ ክፍተቱ ሲዘጋ አከርካሪው ይቀናል። በዚህ መንገድ ከአንድ አጥንት ብቻ 30 ዲግሪ ያህል ማግኘት ይቻላል። ሥራው ግን ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ብዙ ደም ያፈሳል፣ ነርቭንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለጎበጠ ሁሉ አይደረግም። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው እግሩ እየዛለ ለሄደ፣ ሕመሙ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ላልበረደለት፣ ወይም ጥመቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ እየጨመረ ለሚሄድ ሰው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ለገጠሩ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማፍራት ጀመረ፤ አከርካሪ የሚያቃና ሐኪም ግን ገና ሩቅ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚያው ዓመት ሌላ በር ተከፈተ። አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆደስ ለቤተ እስራኤላውያን ሕክምና በሚሠራ የአይሁድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ፣ በአዲስ አበባና በጎንደር፣ ብዙ ዓመት አገልግለዋል። የጎበጡ ኢትዮጵያውያንን ከጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ከኦሄኔባ ቦአቺ አጄ ጋር ማገናኘት ጀመሩ፤ ብዙዎችም የጋና ዋና ከተማ አክራ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከባድ ጉብጠት ያለበት ሕመምተኛ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ራስ ቅሉ ላይ የብረት ቀለበት ይታሰርለታል። በክብደት ወደ ላይ እየተሳበም ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይቆያል። አከርካሪው በአንዴ ቢቃና ኅብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

ለመተማ ሰው ይህ ሁሉ ሩቅ ነው። ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 በላይ። ስለዚህ ለቆላው የሚበጀው ጉብታው ሳይወጣ መድረስ ነው። የጀርባ ሕመሙ ሳምንታት ያለፈው፣ ማታ ማታ የሚያልበውና ክብደቱ የቀነሰ ሰው ወጌሻ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ እግሩ መዛል ከጀመረ አንድ ቀንም አይቆይ። የአከርካሪ ነቀርሳ መድኃኒት እስከ አንድ ዓመት የሚወሰድ ሲሆን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።