ማግኔትን በኮረንቲ መገልበጥ፦ 40 ዓመት የጠበቀ ሐሳብ

ኮምፒውተር ላይ እየጻፋችሁ መብራት ድርግም ሲል፣ ያላስቀመጣችሁት ጽሑፍ ለምን ይጠፋል? የኮምፒውተሩ የሥራ ሚሞሪ መረጃን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይረሳል። ማግኔት ግን አይረሳም። ሰሜን ዋልታው ወደ ላይ ሲሆን «1»፣ ወደ ታች ሲሆን «0» ብንለው፣ መብራት ቢጠፋም እንደያዘ ይቆያል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በዓይን የማትታይን ማግኔት፣ ጎረቤቷን ሳንነካ እንዴት እንገልብጣት?

የድሮው መንገድ ከ1820 የመጣ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አየ። ሽቦው ዙሪያ የማግኔት መስክ ይፈጠራል ማለት ነው። መስክ ግን አጥር አያውቅም፤ ለአንዷ ማግኔት ያሰባችሁት ለጎረቤቷም ይደርሳል።

መውጫው ኤሌክትሮኑ ራሱ ጋ ነበር። ኤሌክትሮን ከቻርጅ ሌላ ስፒን የሚባል ባሕርይ አለው። የሚሽከረከር እንዝርት አስቡ። ኤሌክትሮን በእርግጥ እንደዚያ አይሽከረከርም፤ ነገር ግን እንደሚሽከረከር ነገር ሌላውን የማዞር አቅም ይይዛል። በተራ ሽቦ ውስጥ የግማሾቹ ስፒን ወደ ላይ፣ የግማሾቹ ወደ ታች ስለሆነ ይጣፋሉ። ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሰለፉስ?

በ1996 የአይቢኤሙ ጆን ስሎንዜቭስኪና የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሉክ በርገር ለየብቻቸው መልሱን በስሌት አገኙ፦ የተሰለፉት ኤሌክትሮኖች ስስ ማግኔት ውስጥ ሲገቡ የማዞር አቅማቸውን ያስረክቡትና ይጠመዝዙታል። በ2000 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮባልት፣ መዳብ፣ ኮባልት ደራርበው ሞከሩት። ኮረንቲው በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍ ስሱ ኮባልት ተገለበጠ፤ በተቃራኒው ሲያልፍ ተመለሰ።

ይሁንና ኮረንቲው ማግኔቱን ሰንጥቆ ማለፍ ነበረበት። በሚሞሪ ውስጥ ደግሞ ከማግኔቱ ጋር 1 ናኖሜትር ገደማ የሚወፍር፣ ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ ሽፋን አለ። ብርቱ ኮረንቲ በተመላለሰበት ቁጥር ሽፋኑ ይጎዳል።

እዚህ ላይ ወደኋላ እንመለስ። በ1971 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሚካኤል ዲያኮኖቭና ቭላዲሚር ፔሬል አንድ ትንበያ አቅርበው ነበር፦ ኮረንቲ በአንዳንድ ቁሶች ውስጥ ሲያልፍ ስፒናቸው የተለያየ ኤሌክትሮኖች ወደ ተቃራኒ ጎኖች ይለያያሉ። ይህ በሙከራ የታየው ገና በ2004 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከማግኔቱ ሥር ተስማሚ ብረት ብናነጥፍ፣ ኮረንቲው በብረቱ ውስጥ አግድም ይሄዳል፤ ወደ ማግኔቱ ሽቅብ የሚወጣው ስፒኑ ነው። ስሱን ሽፋን መሰንጠቅ ቀረ!

በ2011 በፈረንሳይና በስፔን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በፕላቲነም ላይ 0.6 ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር ኮባልት አንጥፈው በዚህ ዓይነት አግድም ኮረንቲ ገለበጡት። የገለበጠው ምንድን ነው በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። በ2012 የኮርኔል ቡድን በታንታለም ሞክሮ፣ ዋናው ገፊ የ1971ዱ ሐሳብ ነው የሚል ማስረጃ አቀረበ።

ሥራው ግን አላለቀም። በእነዚህ ሙከራዎች ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክተው ማግኔት የቱ ጋ እንደሚያርፍ እንዲወሰን፣ ከውጭ ትንሽ የማግኔት መስክ ማገዝ ነበረበት። ያለዚያ እገዛ የሚሠሩ መንገዶች ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ ታይተዋል፤ በትንሽ ኃይል፣ በርካሽ፣ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ማግኔቶች ላይ ማሠራቱ ግን ገና ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ከእናንተ አንዳችሁ ትሞክሩት ይሆናል።