በጃፓን ሱሺ ቤት ለእንግዳ የሚጠቅሙ አገላለጾች

ሱሺ በሆምጣጤ፣ በስኳርና በጨው በጣፈጠ ሩዝ የሚዘጋጅ የጃፓናውያን ምግብ ነው። ከሩዙ ጋር የሚቀርበው ዓሣ ብዙውን ጊዜ ጥሬ ነው። ስለዚህ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለውድድር ወደ ጃፓን የሚያቀና ሰው የሚበላውንና የማይበላውን የሚገልጽባቸውን ጥቂት ቃላት ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል።

እንግዳ ሲገባ አስተናጋጆች «ኢራሻይማሴ» ይላሉ፤ «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ነው። መልስ አይጠበቅም፤ አንገትን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ብቻውን የመጣ «ሂቶሪ ዴስ»፣ ሁለት የሆኑ «ፉታሪ ዴስ» ይላሉ።

የፈለጉትን በእጅ እያመለከቱ «ኮሬ ኦ ኩዳሳይ» ማለት «ይህን ይስጡኝ» ነው። «ኦማካሴ» ከተባለ ምርጫው ለባለሙያው ተትቷል፤ ሒሳቡም ሊበዛ ይችላልና አስቀድሞ «ኢኩራ ዴስ ካ» ብሎ ዋጋ መጠየቅ ደግ ነው። ይሁን እንጂ «ኢኩራ» የሳልመን ዓሣ እንቁላልም ስም ስለሆነ፣ ቃሉን ብቻውን የተናገረ ሰው ያላሰበው ምግብ ሊቀርብለት ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጡት የክልከላ ቃላት ናቸው። ጥሬ የማይበላ «ናማሞኖ ዋ ታቤራሬማሴን» ይበል። በሃይማኖቱ ሥርዓት ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን የማይበላ ሰው በ«ናማሞኖ» ፋንታ «ኤቢ» (ሽሪምፕ) ወይም «ካኒ» (ሸርጣን) ይተካ። ሽሪምፕ ሕመም የሚያስነሣበት ግን «ኤቢ አሬሩጊ ጋ አሪማስ» ብሎ አለርጂ እንዳለበት ሳይበላ በፊት ያስታውቅ። «ታማጎ» የተጠበሰ እንቁላል፣ «ካፓማኪ» ደግሞ ኪያር በመሃሉ ያለበት ጥቅል ሩዝ ነው።

ከዓሣው ሥር የሚቀባው አረንጓዴው ዋሳቢ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን ሰንጥቆ የሚወጣ ነው። ያለ እርሱ ለማዘዝ «ሳቢ ኑኪ ዴ» ይባላል።

ሱሺ ቤቶች የሠራተኞች የሆኑ ቃላትም አሏቸው፤ ሻይን «አጋሪ»፣ ሒሳብን «ኦአይሶ» ይሉታል። እንግዳ ግን «ኦቻ» እና «ኦካይኬይ» ቢል ጨዋነት ነው። ጉርሻ መስጠት በጃፓን የተለመደ አይደለም።

ከማዕድ በፊት «ኢታዳኪማስ»፣ ሲነሡ «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» ይባላል። የመጀመሪያው «በትሕትና እቀበላለሁ»፣ ሁለተኛው ስለ ማዕዱ ምስጋና ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህች ምስጋና አትረሳ።