ጣና ቂርቆስ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፣ በደቡብ ጎንደር በኩል የሚገኝ የገዳም ደሴት። በገዳሙ ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 800 ዓመት ያህል እዚህ ቆይታለች፤ ቅዱስ ያሬድም እንደኖረበት ይነገራል። ለጎብኚ ከሁሉ የሚደንቁት በዓለቱ ላይ ያሉት የተቦረቦሩ ድንጋዮች ናቸው፤ መነኮሳቱ የኦሪት መሥዋዕት ደም ይፈስባቸው ነበር ይላሉ። ትውፊቱን በጽሑፍ ማስረጃ ማጽናት ይከብዳል፤ ድንጋዮቹ ግን በዓይን ይታያሉ፣ በእጅ ይዳሰሳሉ።

ከደብረ ታቦር የሚነሳ በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር ይወርድና በሞተር ጀልባ ይሻገራል። የደንገል ታንኳ የአገሬው ነው፤ ላልለመደው አይመከርም። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማለዳው ይበርዳል፤ ጋቢ ይያዝ። በጣና ለሴቶች የተከለከሉ ገዳማት አሉ፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ከእነዚህ ናቸው። ስለዚህ ሴት ተጓዦች ጀልባ ከመከራየታቸው በፊት ይጠይቁ፤ የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው።