የመጸው ተረት (ፊልም)

የመጸው ተረት (በካንቶንኛ፦ ቻው ቲን ዲክ ቱንግ ዋ) እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የሆንግ ኮንግ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ሜብል ቺዩንግ ስትሆን ጽሑፉን ያዘጋጀው አሌክስ ሎው ነው። ዋና ተዋንያኑ ቻው ዩን-ፋትና ቼሪ ቹንግ ናቸው። በርዕሱ የተጠቀሰው መጸው እንደ አገራችን አደይ የሚፈካበት ሳይሆን፣ በኒው ዮርክ የዛፍ ቅጠል ቀልቶና ቢጫ ሆኖ የሚረግፍበት ወቅት ነው።

ታሪኩ

ጄኒፈር ትወና ለመማርና ቀድሟት የሄደውን ፍቅረኛዋን ቪንሰንትን ለማግኘት ከሆንግ ኮንግ ወደ ኒው ዮርክ ትሄዳለች። እሱ ግን ሌላ ሴት ይዟል። ኤርፖርት የሚቀበላት የሩቅ ዘመዷ ሳሙኤል የቀድሞ መርከበኛ ነው፤ ቁማር ይወዳል፣ ከጠብ አይሸሽም፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው። በአንድ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ይኖራሉ። የፊልሙ ሳቅ የሚመነጨው ከዚህ የኑሮና የትምህርት ልዩነት ነው፤ ሐዘኑም እንዲሁ። ሳሙኤል ለእሷ እንደማይመጥን ስለሚያምን ፍቅሩን አፍ አውጥቶ አይናገርም።

ሲለያዩ ስጦታ ይለዋወጣሉ። እሱ መኪናውን ሸጦ ለሰዓቷ የተመኘችውን ማሰሪያ ገዝቶላታል፤ እሷ ደግሞ ሰዓቷን ለእሱ ሰጥታዋለች። ይህ አሜሪካዊው ደራሲ ኦ. ሄንሪ ስለ ገና ስጦታ የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ ያስታውሳል። ከጊዜ በኋላ ጄኒፈር በባሕር ዳርቻ ስትሄድ ሳሙኤል ሲመኘው የኖረውን ምግብ ቤት ከፍቶ ታገኘዋለች። እሱም እንደ ማንኛውም ደንበኛ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃታል። ፊልሙ እዚያው ያበቃል፤ ተጋቡ አልተጋቡ አይነግረንም።

ወቅቱና አቀባበሉ

ብሪታንያና ቻይና እ.ኤ.አ. በ1984 በተፈራረሙት ስምምነት ሆንግ ኮንግ በ1997 ለቻይና እንድትመለስ ተወስኖ ነበር። ብዙ ነዋሪዎች ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ መሄድ ጀምረው ስለነበር የስደተኛ ኑሮ ለተመልካቹ ሩቅ ወሬ አልነበረም። ቻው ዩን-ፋት ከአንድ ዓመት በፊት በወንበዴዎች ፊልም ገንኖ ሳለ እዚህ ዝርክርክና ዓይን አፋር ሆኖ መታየቱ የችሎታውን ስፋት አሳይቷል፤ በታይዋን የወርቃማው ፈረስ ሽልማት ምርጥ ተዋናይ ተብሎበታል። ፊልሙ ራሱ በ1988 የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት በምርጥ ፊልም፣ በምርጥ ጽሑፍና በምርጥ ሲኒማቶግራፊ አሸንፏል።

ዳይሬክተሯ

ሜብል ቺዩንግ እ.ኤ.አ. በ1950 በሆንግ ኮንግ ተወለደች። በሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በእንግሊዝ ብሪስቶል ድራማ፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፊልም ተምራለች። አሌክስ ሎው እ.ኤ.አ. በ2022 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ የሥራም የሕይወትም አጋሯ ነበር። የመጀመሪያ ፊልሟ «ሕገ ወጡ ስደተኛ» (1985) የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት አስገኝቶላታል። «ስምንት ቴል ወርቅ» (1989) ደግሞ የኒው ዮርክ ታክሲ ነጂ ወደ ቻይና መንደሩ ሲመለስ ያሳያል፤ ቴል የቻይና የወርቅ መለኪያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከ«የመጸው ተረት» ጋር «የስደት ሦስትዮሽ» ይባላሉ።

በኋላ «የሱንግ እህትማማቾች» (1997) እና «የመስታወት ከተማ» (1998) የተባሉትን ሠርታለች። በተማረችበት ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከታትላ የቀረጸችው ዘጋቢ ፊልም ግን በ2023 ለሕዝብ መታየት እንደጀመረ ተቋረጠ፤ ከተቀረጹት አንዷ ያለ ፈቃዷ መቅረቧን ተቃውማ ነበር። በዚያው ዓመት ሥራው የሆንግ ኮንግ ምርጥ ፊልም ተብሎ መሸለሙ የግል ሕይወትን በሚመለከት የተነሳውን ክርክር ይበልጥ አባብሶታል።