ከሰፈር እስከ ማስተር ፕላን፦ የከተማ ፕላን ቃላት ታሪክ ከመሳለሚያ ሲታይ

በመርካቶ ምዕራባዊ ዳርቻ መሳለሚያ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ «ተሳለመ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛ የስም አመሠራረት ደንብ መሠረት ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ያመለክታል። ማዞሪያ፣ መሻገሪያና ማረፊያ የሚሉት ስሞችም የተቀረጹት በዚሁ አኳኋን ነው። በዚህ ዓይነት ስያሜ ቦታው የሚታወቀው ሰዎች በዚያ በሚያደርጉት ነገር ነው። ያው ስፍራ በፕላን አዘጋጅ ካርታ ላይ ሲሰፍር ግን መስቀለኛ መንገድና የመሬት አጠቃቀም ምድብ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ሁለት የአሰያየም ልማዶች መካከል የከተማ ፕላን ቃላት በአማርኛ ያለፉበትን መንገድ መመርመር ነው።

ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝም አማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓል። ስለሆነም ስለ ቤትና ስለ ቦታ የሚወጣ ሕግ ሲረቀቅ አንድ አማርኛ ቃል መምረጥ የሰውን መብት ወሰን እስከ ማስመር ይደርሳል።

ከመሠረታዊዎቹ ቃላት እንጀምር። «ከተማ» የተገኘው «ከተመ» ከሚለው ግስ ነው። ቃሉ ቀድሞ የሚያመለክተው ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የሚቆይበትን ስፍራ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፊንፊኔ ስትቆረቆር የሰፈረችውም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ቤተ መንግሥቱን መካከል አድርጎ መኳንንቱና ባለሙያው እንደየማዕረጉና እንደየሥራው ዙሪያውን ያዘ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው።

«ሰፈረ» የሚለው ግስ ደግሞ ሁለት ትርጓሜዎች አሉት። አንደኛው በአንድ ቦታ ተቀመጠ፣ ሁለተኛው እህልን በመስፈሪያ ለካ የሚል ነው። በመሳለሚያ አጠገብ ባለው እህል በረንዳ ሁለቱም በአንድ አፍ ሲነገሩ ኖረዋል፤ ነጋዴው በሰፈሩ ውስጥ እህሉን ይሰፍራል። የኋላ ዘመን የቃላት ሥራም ከሁለቱም ተጠቅሟል። ከመለካት «መስፈርት» ተገኘ፤ ከመቀመጥ ደግሞ «ሰፈራ» ወጥቶ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ሰዎችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ላዛወረበት ዘመቻ መጠሪያ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የባለቤቱ መለወጥ ነው። በ«ሰፈር» ውስጥ የሚሰፍረው ሰውየው ራሱ ነው፤ በ«ሰፈራ» ግን ሰፋሪውን የሚያሰፍረው ሌላ አካል ነው።

ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ ከጣሊያን ወረራ በፊት በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ጉይዲና ቫሌ የተባሉት የጣሊያን አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን ከተማይቱን በዘር ለየ፤ አበሻውና ገበያው ወደ ምዕራብ እንዲዛወሩ ተወሰነ። አዲሱ ገበያ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» ማለት ነው። ነጩ ከአራዳ ሳይወጣ፣ ጥቁሩም ከተመደበለት እንዳያልፍ የሚያዘው «ኢንዲጄኖ» የሚለው ቅጽል ነበር። ወረራው ሲያበቃ ይህ ቅጽል ከሕዝቡ አፍ ጠፋ፤ ባዶ የወል ስም የነበረው «መርካቶ» ብቻ ቀርቶ የተጸውዖ ስም ሆነ። አዲስ ከተማ የሚለው የአማርኛ ስምም ከጎኑ ጸና።

ይህ በመርካቶ ብቻ የታየ አይደለም። ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ካዛንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ምሕጻረ ስም የመጣ ነው፤ ካዛ ፖፖላሬ ደግሞ የሕዝብ መኖሪያ ቤት ማለት ነው። ሁሉም የፕላን አዘጋጆች የምድብ ስሞች ነበሩ። የአዲስ አበባ ሰው ምድቡን ትቶ ቃሉን ወሰደ፤ የሥራ ቃል የነበረውንም የመኖሪያው ስም አደረገው። የውሰት ቃላት ታሪክ ጸሐፊ እነዚህን ቃላት «ከጣሊያንኛ የተወሰደ» ብሎ ቢያልፋቸው ዋናውን ነገር ይስታል፤ ምን እንደ ተወሰደ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ተጣለም መመዝገብ አለበት።

መርካቶ ለራሱ ውስጣዊ አከፋፈል ያወጣው ቃል ግን «ተራ» ነው። ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ ሲባል አንድ ዓይነት ሸቀጥ ወይም አገልግሎት በአንድ መስመር ተደርድሮ መገኘቱን ያመለክታል። ይህም በፕላን ቋንቋ «ዞን» የሚባለውን ሐሳብ በጣም ይቀርበዋል። ልዩነታቸው ዞን አስቀድሞ በካርታ ላይ የሚሠመር ሲሆን፣ ተራ ሻጭ በሻጭ አጠገብ ሲቀመጥ እያደር የሚፈጠር መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ «ተራ» የመደዳን ብቻ ሳይሆን የቅደም ተከተልን ትርጉም ይዟል፤ «ተራዬ ደረሰ» የሚል ሰው መብቱን እየተናገረ ነው፤ ተራ አስከባሪም የሚያስከብረው ይህንኑ ነው። «በረንዳ»ም እንዲሁ ከቤት ክፍልነት ተነሥቶ እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳ በሚሉት ስሞች የጅምላ ንግድ ስፍራ መጠሪያ ሆነ፤ «በረንዳ አዳሪ» ሲባል ደግሞ ቤት የሌለውን ሰው ይገልጻል። የሙያ ቃል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊቃኘው የሚገባው መዝገብ እንዲህ ያለው የገበያ አማርኛ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ለአዲስ አበባ በተከታታይ ፕላኖች ተዘጋጅተዋል። ከእነርሱም መካከል በ1940ዎቹ ማብቂያ የእንግሊዛዊው የሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1950ዎቹ የፈረንሳዊው የደ ማርየን፣ በ1970ዎቹም በኢትዮጵያና በጣሊያን ባለሙያዎች ትብብር የተጀመረው ፕላን ይገኙበታል። በዚህ ሂደት «ፕላን» የሚለው ቃል ጸና። አማርኛ «ዐቀደ» ከሚለው ግስ የተገኘ «ዕቅድ» የሚል የራሱ ቃል እያለው ይህ ለምን ሆነ? በአጠቃቀም እንደሚታየው ዕቅድ በጊዜ ውስጥ የሚፈጸም ሐሳብን፣ ፕላን ደግሞ በቦታ ላይ የሚሠመር ንድፍን ይዞ ተከፋፈለ። ሰው የሥራ ዕቅድ ያወጣል፤ የቤት ፕላን ያሠራል። ክፍፍሉ ግን ፍጹም አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሰነድ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን «ዕቅድ» ሲባል፣ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ግን የ«ፕላንና» ልማት ሚኒስቴር ተብሏል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በበኩሉ መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን የሚሉ ጥምር ቃላትን በሕግ አጽንቷል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። «ቀበሌ» ቀድሞ አካባቢን የሚያመለክት ሰፊ ቃል ነበር፤ ከዚህ በኋላ የነዋሪዎች ማኅበር፣ ጽሕፈት ቤት፣ አልፎም የሥልጣን ስም ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች እንዲያስተዳድር የተሰጠውም ለዚሁ አካል ነበር። በአዲስ አበባ የአስተዳደር እርከኑ ወደ ወረዳ ከተለወጠ በኋላም «የቀበሌ ቤት» የሚለው አነጋገር አልጠፋም። ተከራዩ በዚያ ቃል የሚናገረው ስለ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ስላለው መብት ዓይነት ነው።

በፖለቲካ ከባዱን ዋጋ ያስከፈለው ግን «የተቀናጀ ማስተር ፕላን» የሚለው ሐረግ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የነበረውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ ለማየት የተዘጋጀው ይህ ፕላን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ ተቃውሞው በኅዳር 2008 ዓ.ም. እንደገና ተነሥቶ ብዙ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በሙያው ቋንቋ «ክልላዊ ፕላን» የሚባለው የአስተዳደር ወሰንን ተሻግሮ ከተማንና ገጠርን አንድ ላይ የሚያይ ሥራ ነው። በአገራችን ግን «ክልል» ራሱ የሥልጣን ወሰን ስም ሆኗል፤ ቃሉም «ከለለ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ አጥርን እንጂ መሻገርን አያሳስብም።

«መቀናጀት» የሚለው ቃልስ? አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በየተራ የሚያርሱበት ስምምነት ነው። ቅንጅት ያለ ሁለት ባለቤቶችና ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይኖርም። የውጭውን ቃል በዚህ የተረጎመው ሰው የመረጠው ቃል ትክክለኛ ነበር፤ የቀረው በሬው ሳይጠመድ ሌላውን ገበሬ መጠየቅ ነው። ቃሉ የተሸከመውን ግዴታ ሥራው አልፈጸመውም፤ ተቃዋሚውም የተናገረው ይህንኑ ነበር።

በመጨረሻ ወደ አንድ ቃል እንመጣለን። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳና ስለ «ተነሺዎች» መልሶ መቋቋም የሚደነግግ ነው። በእንግሊዝኛው ርእስ በዚሁ ቦታ የቆመው ቃል በአማርኛ «ተፈናቃይ» የምንለው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ተፈናቃይ ሲባል ያፈናቀለ እንዳለ ወዲያው ይታሰባል። በ«ተ» የሚጀምር የአድራጊ ስም እንደ ተከሳሽና እንደ ተጎጂ ድርጊት የተፈጸመበትን ሊያመለክት ይችላል፤ «ተነሺ» ግን «ተነሣ» በዕለት ንግግር በራስ መነሣትን ስለሚያሳይ፣ እንደ ተጓዥ ወዶ የሚሄድ ሰው ያስመስላል። በግእዝ ግን «ነሥአ» ወሰደ ማለት ነው፤ ሥርወ ቃሉ የሸሸገውን አድራጊ ያውቀዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የተጠሩት በዚሁ በ«ተነሺ» ነው።

ከዚህ ታሪክ ለቃላት ሥራችን ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ለከተማ ፕላን የሙያ ቃል ሲፈለግ እንደ ተራ፣ ሰፈርና በረንዳ ያሉት ቃላት ከነሙሉ ትርጓሜያቸው አስቀድመው ይፈተሹ። ሁለተኛ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለእያንዳንዱ የፕላን ቃል ፍቺ ሲሰጥ ድርጊቱን ማን እንደሚፈጽም፣ በማን ላይ እንደሚፈጸም ይግለጽ፤ ለ«ተነሺ» የሚሰጠው ፍቺም «በመንግሥት ውሳኔ ከይዞታው እንዲነሣ የተደረገ ሰው» ቢሆን እውነቱን ይይዛል። ሦስተኛ፣ ተርጓሚ እንደ «የተቀናጀ» ያለ ጥሩ ቃል ሲመርጥ ቃሉ የሚጠይቀውን ለረቂቁ ባለቤት ያስታውቅ። መሳለሚያ የሚለውን ስም ያወጡት ሰዎች በዚያ ቆመው የሚሳለሙት ነበሩ። በሕግ አማርኛ ስም የሚወጣለት ነዋሪም የደረሰበትን በስሙ ውስጥ ሊያገኘው ይገባል።