ዋሻውና የሣር ክዳኑ፦ ሁለት ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት እንዴት ቆዩ?

በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ጋይንት፣ ቤተልሔም ሲደርስ ከውጭ ያየው ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነበር። በጎንደር አገር እንዲህ ያለው ሞልቷል። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ጣሪያ ሥር ሌላ ሕንፃ ቆሞ አገኘ፤ አራት ማዕዘን፣ በአክሱም አሠራር ከድንጋይና ከእንጨት የተገነባ፣ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን። በ1959 ባሳተመው መጽሐፉም ጻፈው። (እውነቱን ለመናገር «አገኘው» ሲባል ትንሽ ያስቀኛል። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ለስንት ዘመን ሲያዜሙ የኖሩት እዚያው ነው።)

ለመሆኑ እንጨትና ድንጋይ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆዩ? መልሱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ላስታ ውስጥ ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ የሐበሻ ጽድ በከበበው ተራራ ላይ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በነገሠው የዛጉዌ ንጉሥ ስም ይጠራል። ልብ በሉ፣ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ሕንፃ ነው። ስትገቡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው፦ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት...

ይሄ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይለያያል። በተለይ ማያያዣው ጭቃ ከሆነ ግድግዳው ቀስ በቀስ ወደ ጎን መንፈግ ይጀምራል። አግድም የገባው እንጨት ያን መጎተት ይሸከማል። የጭቃ ቤት ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ማገር የሚሠራውን ሥራ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ኮንክሪት ውስጥ የምንቀብረው ፌሮም ሥራው ያው ነው። ትግራይ፣ ደብረ ዳሞ ላይ ደግሞ ግድግዳውን አቋርጠው ሁለቱን ፊት የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል፤ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። አሠራሩ ምን ያህል ይከበር እንደነበር ለማወቅ ላሊበላ ቤተ አማኑኤልን እዩ። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሳለ ግድግዳው ላይ የእንጨትና የድንጋይ ረድፉ ተቀርጾበታል። እዚያ የሚያስረው ነገር የለም፤ መልኩ ብቻ ነው የቀረው።

የዚህ አሠራር ጠላት ውሃ ነው። ጭቃው ሲርስ ይለሰልሳል፤ እንጨትም እየራሰ እየደረቀ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። ይምርሐነ ክርስቶስን ከክረምት የሚጋርደው ዋሻው ነው። (ወለሉ ሥር ውሃ አለ ይባላል፤ ስለዚህ ጣጣው ከላይ ብቻ ላይሆን ይችላል።) ጋይንት ላይ ግን ለቤተልሔም ዋሻ የሆናት ከላይ የተደረበው ክብ ጣሪያ ነው። የቀደሙት ሰዎች አሮጌውን አፍርሰው አዲስ መሥራት ይችሉ ነበር፤ አላፈረሱትም፣ ከለሉት።

ልዩነቱ፣ ዋሻ ክዳን መቀየር አያስፈልገውም። ጣሪያ ግን ሣርም ይሁን ቆርቆሮ ያረጃል፣ ያፈሳል። አንድ ቦታ ቢያፈስ ቀድሞ የሚጎዳው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የእንጨት ጫፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ከውጭ አይታይም።