የቀዶ ሕክምና በሽተኛ መዝገብ፤ ከካርድ ክፍል ወደ እጅ ስልክ

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተዳፋት ላይ ካለችው ከሮብ ገበያ ለቀዶ ሕክምና የሚላክ በሽተኛ የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ወደ ሆስፒታል ይወርዳል። ሲመለስ ግን የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር በካርድ ክፍል ይቀርና ቁስሉ ብቻ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቀበሌው ይወጣል። የቀዶ ቁስል መመርቀዝ እንደ ደንቡ እስከ 30 ቀን ድረስ የሚጠበቅ ነው፤ ከእነዚህም ቀኖች አብዛኞቹ የሚያልፉት በበሽተኛው ቤት ነው።

ሕክምናን ወደ ገጠር የማድረስ ሐሳብ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው አሠማርቷል። መዝገቡ ግን የተቋሙ እንጂ የቤተሰቡ አልነበረም። ይህን የለወጠው በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ፤ ኋላም የቤተሰብ ማኅደር ሲከተል እያንዳንዱ ቤት በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የራሱን ስፍራ አገኘ። ይህ ተራ የሚመስል የካርቶን ማኅደር ኋላ ለመጣው ሁሉ መሠረት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በ2010ዎቹ መጀመሪያ ማኅደሩ ወደ ታብሌት መሸጋገር ጀመረ። ኮምኬር በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገነባው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ፣ በተገኘ ጊዜ የሚልክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ የዚህ አሠራር ጥቅምም ወሰኑም ይታያል፤ መዝገቡ በእጅ ቢኖርም ለሐኪሙ አይደርስምና።

በቀዶ ሕክምናው በኩል ታሪኩ ሌላ መንገድ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 ዓ.ም. 19 ነጥቦች ያሉትን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ አወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን የብሔራዊ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ንቅናቄ ተጀመረ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በተሰኘ ፕሮግራሙ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የቁስል መመርቀዝን ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ሁሉ ግን ያተኮረው በቀዶ ክፍሉ ላይ ነው።

በመካከል የቀረውን ክፍተት የሞላው የሐኪሙ የግል ስልክ ሆነ። የራጅ ምስል በቴሌግራም ይላካል፤ ምክር በዚያው ይመለሳል። ይህ ልማድ ሕይወት ማትረፉ አይካድም፤ ሆኖም ምስሉ የማን መዝገብ ውስጥ እንደሚገባ የወሰነ የለም። የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ የሚሰጠው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው ገና በ2016 ዓ.ም. ነው።

በታብሌቱ ላይ አስቀድመው የተዘጋጁት ቅጾች የእናቶችና የሕፃናት ጤና ቅጾች ነበሩ። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በድኅረ ወሊድ ክትትል ስም ቁስሏ የሚጠየቅበት ዕድል አላት፤ እንቅርቱን አስወጥቶ ወደ ሮብ ገበያ የተመለሰ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ቅጽ አልተዘጋጀለትም ነበር።